ጎልማሳው ሠራተኛና የተውሶ እጅ
በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ ሙያ ትምህርት

የአንድ አገር ኤኮኖሚ የሚለካው ባሉት መሣሪያዎች ብዛት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያዎቹን ሊያሠሩ በሚችሉ እጆች ብዛትም ጭምር ነው። የከባድ መኪና ባለቤት የሆነ ነጋዴ ሹፌር ካጣ፣ መኪናው ሀብቱ መሆኑ ቢቀጥልም ጥቅም ሊሰጠው አይችልም። ይህ ነገር ለማንም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ስለ ዲጂታል ኤኮኖሚ ሲነገር አዘውትሮ የሚቆጠረው መሣሪያው ነው። ስንት ሰው ስልክ እንደ ያዘ፣ ስንት ሰው በስልኩ የገንዘብ ሒሳብ እንደ ከፈተ፣ ስንት መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ወደ ኮምፒዩተር እንዳዛወረ ይነገረናል። ስልኩን የያዘው ሰው ራሱ ይሠራበታል ወይስ ሌላ ሰው ይሠራለታል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

ይህ ጥያቄ በተለይ የሚመለከተው ጎልማሶችን ነው። በትምህርት ቤት ያለው ወጣት ያላወቀውን ከመምህሩ ወይም ከጓደኛው ይማራል። የአርባ ዓመቱ ሹፌር፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት በመጋዘን ያገለገለው ዕቃ ተቆጣጣሪ ግን ከትምህርት ቤት ከወጡ ቆይተዋል። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣባቸው የሚያስተምራቸው ሰው አልተመደበም። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በተውሶ እጅ ነው፤ ይኸውም በልጃቸው፣ በጎረቤታቸው፣ ወይም በስልክ ቤት በተቀመጠ ወጣት እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ የተውሶ እጅ ለጊዜው ቢጠቅምም ለሠራተኛውም ለአገሪቱም ውድ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን፣ መድኃኒቱም በሥራው ቦታ፣ በሥራው ሰዓትና በሠራተኛው ቋንቋ የሚሰጥ አጭር ትምህርት መሆኑን ነው።

ከሐዲዱ እስከ ስልኩ

አዳማ፣ በቀድሞ ስሟ ናዝሬት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 220,212 ነዋሪዎች ተቆጥረውባታል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አድጋለች። ያሳደጋት በመጀመሪያ የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከመተሐራ እስከ ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ጣቢያዎች ቀስ በቀስ የገበያና የሥራ ከተሞች ሆኑ። ቀጥሎም በ1946 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ።

እነዚህ ሁሉ ሲቋቋሙ ከትምህርት ቤት የወጣ በቂ ባለሙያ ተዘጋጅቶ አልጠበቃቸውም። በእርሻና በከብት እርባታ የኖረ ጎልማሳ ሰው የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ፣ የሸንኮራ ወፍጮ ተቆጣጣሪ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። የተማረውም በአብዛኛው ከሥራው ላይ በማየት ነው። ረዳቱ ዋናውን ሜካኒክ ያያል፤ መፍቻውን ያቀብላል፤ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ያስራል። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክ ከፊሉ የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬም በዚሁ መስመር ላይ አዲስ የሥራ ዓይነት ተደርቧል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። በአዳማ አካባቢ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ማለትም በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ51 ሜጋ ዋትና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የ153 ሜጋ ዋት፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍል በኮምፒዩተር የሚጠበቁ ናቸው። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ተመርቋል። በሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ጉዳይ የሚፈጸመው ከወረቀት ይልቅ በኮምፒዩተር ነው፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎትም ትራንዚተሩ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን ፈቃድ በአንድ መስኮት እንዲጠይቅ የታሰበ ነው። በመቂና በባቱ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ዋጋ የሚጠየቀው በስልክ ነው፤ ገንዘብም በስልክ ይላካል።

ይሁን እንጂ በአሮጌውና በአዲሱ መሣሪያ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሜካኒኩ እጅ ይታያል፤ የስልኩ ሥራ ግን አይታይም። ሜካኒኩ ረዳቱን ሲያስተምር ሞተሩ በሁለቱ መካከል ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። በስልክ የሚረዳ ወጣት ግን ስልኩን ከጎልማሳው እጅ ይቀበላል፤ ወደ ራሱ ያዞራል፤ በአሥር ሴኮንድ ጉዳዩን ጨርሶ ይመልሳል። ጎልማሳው ያየው የወጣቱን ጣት ፍጥነት እንጂ ሥራውን አይደለም። ስለዚህ መቶ ጊዜ ቢረዱትም አንድ ጊዜ እንኳ አልተማረም። አባቶቻችን በማየት ብቻ ሙያ የቀሰሙበት መንገድ በዚህ አዲስ መሣሪያ ላይ ብቻውን የማይሠራበት ምክንያት ይህ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ፈተና

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የነዳጅ ክፍያን እንመልከት። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲደርስ ሲያደርግ፣ ድጎማው የሚታሰበው በቴሌብር በኩል ሆነ። ቀጥሎም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ወር ደግሞ በመላው አገሪቱ፣ በማደያ የሚቀዳ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ተደነገገ።

የዚህ ሥርዓት ዓላማ ጥሩ ነው። ነዳጁ ወዴት እንደ ሄደ ይታወቃል፤ ድጎማውም ለሚገባው ይደርሳል፤ ቀጂውም ብዙ ብር ይዞ ከማደር ይድናል። ነገር ግን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ ያለ ሹፌር ሁሉ፣ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ አዲስ ሙያ እንዲይዝ ታዘዘ ማለት ነው። ሙያውም ቀላል ቢመስል ብዙ ክፍል አለው። ሒሳብ መክፈት፣ ገንዘብ ማስገባት፣ የምስጢር ቁጥር መያዝ፣ የማደያውን መለያ በትክክል ማስገባት፣ ከመክፈል በፊት የብሩን ልክ ማንበብ፣ የመጣውን መልእክት አይቶ ክፍያው መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መረቡ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ፣ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ ለማደያው ያልደረሰ እንደ ሆነ፣ ለማን አቤት እንደሚባል ማወቅ ይጠይቃል።

ከጅቡቲ መንገድ ለሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። በመተሐራ ወይም በወለንጪቲ ሌሊት ናፍጣ ሊቀዳ ሲቆም ልጁ ከጎኑ የለም። ያለው ረዳቱ ወይም ከሰልፉ ያገኘው የማያውቀው ሰው ነው። በሻሸመኔ የሚሠራ የባጃጅ ነጂም እንዲሁ፣ የቀኑ ገቢ በጥሬ ገንዘብ ቢመጣለትም ቤንዚኑ የሚገዛው በስልክ ስለ ሆነ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይዞ መዋል ግድ ይሆንበታል። አብዛኛው ሰው ነገሩን ከጊዜ በኋላ ለምዶታል። ይህም ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ለመማር የማይችል አለመሆኑን ያስረዳል። ሆኖም የለመደው በራሱ ኪሳራ ነው እንጂ ትእዛዙን ያወጣው ክፍል መምህር ስለ መደበለት አይደለም።

የተውሶ እጅ ዋጋ

በየከተማው ፍርድ ቤት በር አጠገብ የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚቀመጥ የማመልከቻ ጸሐፊ እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። ባለጉዳዩ አቤቱታውን በቃሉ ይነግረዋል፤ ጸሐፊው በወረቀት ያሰፍርለታል፤ ባለጉዳዩም ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል እንደ ሆነም በጣቱ ያትማል። ይህ ሰው ብዙ ሕዝብ ጠቅሟል፤ ክፍያውም የሚታወቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ማስተዋል የሚገባን፣ ጸሐፊው ቃሉን ቢጽፍም ፊርማው የባለጉዳዩ ሆኖ መቅረቱን ነው።

የዛሬው የስልክ ረዳት ግን ከዚያ አልፎ ፊርማውን ራሱን ይይዛል። በስልክ ገንዘብ ላይ ፊርማ ማለት የምስጢር ቁጥሩ ነውና። አራት ወይም ስድስት አኃዝ ለሌላ ሰው የነገረ ጎልማሳ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ረዳቱ ታማኝ ቢሆን እንኳ የሰውየው ደኅንነት የሚያርፈው በራሱ ዕውቀት ላይ ሳይሆን በሌላው ሰው ጠባይ ላይ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ ወይም «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» እያሉ የሚደውሉ አታላዮች የሚያድኑት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። መልእክቱን ራሱ ቢያነብና ቀሪ ሒሳቡን ራሱ ቢመለከት ኖሮ ገንዘብ አለመግባቱን በአንድ ጊዜ ባወቀ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ነገር ግን ለመጠርጠርም ቢሆን ማንበብን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዋጋ የሥራ ዕድገት ነው። በፋብሪካም ሆነ በመጋዘን፣ በአበባ እርሻም ሆነ በሆቴል፣ ዛሬ የአለቅነት ሥራ ከመዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። የሠራተኞችን መገኘት፣ የወጣውንና የገባውን ዕቃ፣ የተመረተውን ብዛት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል። ሃያ ዓመት የሠራው ሰው ዕቃውን በሽታው ሳይቀር ያውቀዋል፤ ነገር ግን መዝገቡን መክፈት ስለማይችል ሥራውን የማያውቅ አዲስ ወጣት በላዩ ይሾምበታል። በዚህ ሽማግሌው ቅር ይሰኛል፤ ወጣቱም ያለ አስተማሪ ይቀራል፤ ድርጅቱም የሃያ ዓመት ዕውቀት ተቀምጦበት አይጠቀምም።

ሦስተኛው ዋጋ የሚታየው ሥራ ሲናወጥ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ የምታውቅ ሠራተኛ ከፋብሪካው ስትወጣ የምትይዘው ነገር ጥቂት ነው። ትእዛዝ በስልክ መቀበል፣ የልብስ መለኪያ መመዝገብ፣ የጨርቅ ዋጋ ማነጻጸር፣ ገቢና ወጪዋን መያዝ የምትችል እንደ ሆነ ግን በቤቷ አንዲት የስፌት መኪና አቁማ ለመነሣት መንገድ ይኖራታል።

ትምህርቱ ለማን ተከፈተ?

በአገራችን ስለ ዲጂታል ሙያ ምንም አልተሠራም ማለት እውነትን መካድ ይሆናል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ዕቅድ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጸድቋል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሟል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ፣ በመረጃ ትንተናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ለማሠልጠን ታስቦ ሥራው ተጀምሯል። በአዳማም ከፍተኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየከተማው ይገኛሉ። በሌላ በኩል ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የተባለው ፕሮግራም ተዘርግቷል።

ነገር ግን እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመለከታቸው በመካከላቸው ክፍት ቦታ እናገኛለን። የፕሮግራም አጻጻፉ ትምህርት በኢንተርኔትና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ የሚጠቅመው እንግሊዝኛ አንብቦ ለሚረዳ፣ ጊዜና የኢንተርኔት ገንዘብ ላለው ሰው ነው። የጎልማሶች ትምህርት ደግሞ ከፊደልና ከቁጥር ይጀምራል። የሙያ ኮሌጁ በቀን ሙሉ ትምህርት ደረጃ በደረጃ ያሠለጥናል። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረው ሹፌር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው ሰፊ፣ ኮንቴይነር የሚያራግፈው ሠራተኛ ግን ከሦስቱ በአንዱም በኩል አይገባም። ለመጀመሪያው ዝቅ ይላል፤ ለሁለተኛው ከፍ ይላል፤ ለሦስተኛው ጊዜ የለውም። መሰላሉ ከላይና ከታች ደረጃ ሲኖረው መካከሉ ጎድሎበታል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚገኘው ሠራተኛ አብዛኛው የሚቆመው ግን እመካከል ላይ ነው።

ሌላው ችግር የመለኪያው ነው። የሥልጠና ሥራ በሪፖርት የሚገለጸው ብዙውን ጊዜ በተመዘገቡና የምስክር ወረቀት በተቀበሉ ሰዎች ቁጥር ነው። የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር ራሱን ችሎ የሚከፍለውንና ሌላ የሚከፍልለትን ሰው ለይቶ አያሳይም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያገራችን ተረት የተነገረው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከራሳችን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ጎልማሳን በብዛት ማስተማር ለዚህች አገር አዲስ ሥራ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን አሰልፎ በከተማና በገጠር ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ስለ ነበር ሰው በአፍ መፍቻው ለመማር ዕድል አገኘ። በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱም ይታወሳል። የዘመኑን ፖለቲካ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትተን ከአሠራሩ ሁለት ነገር መውሰድ እንችላለን።

አንደኛው፣ ቋንቋው ከተማሪው ጋር ሲስማማ ትምህርቱ ይፈጥናል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ትምህርት በሥራ ካልተደገፈ ይረሳል። በዘመቻው ፊደል ቆጥረው ኋላ የሚያነቡት ጽሑፍ በማጣት የረሱ ብዙዎች ነበሩ። የዛሬው ጎልማሳ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። የተማረውን በማግሥቱ በማደያው፣ በገበያው፣ በባንኩ ይሠራበታል። ሊረሳ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ለጎልማሳው የሚመች ትምህርት «የኮምፒዩተር መግቢያ» ተብሎ ስለ መሣሪያው ታሪክ የሚናገር ሳይሆን፣ ዛሬ ማታ የሚሠራበትን አንድ ጉዳይ የሚያስጨብጥ መሆን አለበት።

ስለ ቋንቋውም በኦሮሚያ ከተሞች ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚጻፈውም በቁቤ ነው። በአዳማ ብዙ ሰው አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቅላል። በወንጂና በባቱ እርሻዎች ደግሞ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች አሉ። ቴሌብር በአምስት ቋንቋዎች መቅረቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቋንቋውን መቀየር እንደሚቻል የማያውቅ ሰው ስልኩ በተሰጠው ቋንቋ ይቀራል። የመጀመሪያው ትምህርት ቋንቋ መለወጥ ቢሆን አይበዛም። ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ማስተማር ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ለገበሬዎች የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር የእርሻ ምክርን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በድምፅ ማቅረብ መጀመሩ መንገዱን አሳይቷል።

ሐዲዱ የሰጠው ምሳሌ

የሥራ ላይ ትምህርት በትልቅ ደረጃ ሊፈጸም መቻሉን ለማየት ከአዳማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኢትዮ–ጅቡቲ የምድር ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ሲጀምር፣ መስመሩን ለማስኬድ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለቻይና ኩባንያዎች ነበር። የውሉ ዘመን ስድስት ዓመት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞች ሥራውን እየተማሩ እንዲረከቡ ታስቦ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአስተዳደሩ ሥራ ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተላለፈ።

ከዚህ የምናገኘው ምሳሌ የባቡሩ አሠራር እንከን የለውም የሚል አይደለም። ቁም ነገሩ ትምህርቱ ከሥራው ጋር በአንድ ውል ውስጥ መጻፉና ቀነ ገደብ የተሰጠው መሆኑ ነው። መምህሩ ማን እንደ ሆነ፣ ተማሪው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚረከብ ይታወቅ ነበር። አሠልጣኙም ሆነ ሠልጣኙ ዘወትር በተውሶ እጅ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ቀን ከፊታቸው ነበረ። ለባቡር ነጂው የተደረገው ይህ ነገር ለነዳጅ ቀጂው፣ ለመጋዘን ጠባቂውና ለሰፊዋ በትንሹ የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

አሠሪዎች ስለሚሉት

እዚህ ላይ አሠሪዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ያስተማርነው ሠራተኛ ሌላ ቦታ ይሄድብናል፤ የሥራ ሰዓትም ይባክናል» ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ በኢንዱስትሪ ፓርኮች የሠራተኛ መፍለስ የታወቀ ችግር ነው። ነገር ግን ሒሳቡን በትክክል እናስላ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ በሳምንት አንዲት ሰዓት ለትምህርት ቢሰጥ ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህል ነው። ለአሥር ሳምንት ቢቀጥል አሥር ሰዓት ይሆናል፤ በአሥር ሰዓት ደግሞ አንድ ጎልማሳ ከስልኩ ጋር የተያያዙትን ዋና ዋና ጉዳዮች ራሱን ችሎ ለመፈጸም ይበቃል። ያልተማረ ሠራተኛ መዝገብ አሳስቶ የሚያጠፋው ሰዓት፣ ደመወዙን ለማየትና ለመላክ ከሥራ የሚቀርበት ቀን ከዚህ አያንስም።

ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይሁን የሚሉም አሉ። ይህ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሠራች፣ ቤቷ ልጆች የሚጠብቋት ሴት ግን ማታ አትመጣም። የማታ ትምህርት ሠልጣኝ ሲያጣ «ሠራተኛው መማር አይፈልግም» ተብሎ ይዘጋል፤ የተሳሳተው ግን የሰዓቱ አመዳደብ ነው።

ወጣቱ እየመጣ ስለ ሆነ ጎልማሳውን ማስተማር ጊዜ ማጥፋት ነው የሚለው አስተያየት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። የዛሬ አርባ ዓመት ጎልማሳ ገና ሃያ ዓመት ይሠራል። በዚህ ረገድ ሲንጋፖር የያዘችውን መንገድ መመልከት ይጠቅማል። ይህች ትንሽ አገር ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ለሆኑ ዜጎቿ የሙያ ትምህርት መክፈያ 500 የሲንጋፖር ዶላር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰጥታለች። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ 40 ዓመት ለሞላቸው 4,000 ዶላር ጨምራለች። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ አስተሳሰቡ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እነርሱ ጎልማሳውን ከወጣቱ አስበልጠው የደገፉት፣ ልምድ ያለውን ሰው ከሥራ ማውጣት እርሱን ከማስተማር የበለጠ እንደሚያስወጣ ስለ ተረዱ ይመስለናል።

ከወጣት ሹማምንትና ከተማሪዎች የሚጠበቀው

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነገ አንድ አገልግሎት ከወረቀት ወደ ስልክ የሚያዛውር ደብዳቤ ያረቅቅ ይሆናል። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክፍያ፣ የመሬት ጉዳይ፣ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር የተያያዘ ምዝገባ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዳይጎድል አደራ እንላለን። ይህ አገልግሎት የሚመለከተውን ጎልማሳ ማን ያስተምረዋል? የት? በየትኛው ቋንቋ? በስንት ሰዓት? ለዚህስ ስንት ብር ተመድቧል? ይህን የማይመልስ መመሪያ ግማሹ የተጻፈ መመሪያ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚጽፈው የስልክ ቤቱ ወጣት ይሆናል፤ ዋጋውንም ድሃው ይከፍላል።

መለኪያውንም መለወጥ ይገባል። ስንት ሰው ሠለጠነ ከማለት፣ ከሥልጠናው ሦስት ወር በኋላ ስንት ሰው ያለ ረዳት ከፈለ፣ ስንት ሰው የራሱን መልእክት አነበበ፣ ስንት ሰው አታላይን ለይቶ አወቀ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በአንድ ማደያ ወይም በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ማየት ይበቃል።

ቦታውም እንደ ሥራው ይለያይ። ለሹፌሮች መኪና በሚቆምበት በሞጆና በአዳማ፣ ለትራንዚተሮችና ለጭነት ሠራተኞች በደረቅ ወደቡ፣ ለአበባ ሠራተኞች በባቱ በእርሻው ግቢ፣ ለአትክልት አምራቾች በመቂ በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ጽሕፈት ቤት ይሁን። መምህሩም ከውጭ የመጣ ሊቅ መሆን የለበትም። ከሠራተኞቹ መካከል ቀድሞ ያወቀው፣ ጥቂት የማስተማር ዘዴ ተጨምሮለትና አበል ታስቦለት፣ ጓደኞቹን ቢያስተምር ይበልጥ ይሰማል።

በአዳማ፣ በሻሸመኔ፣ በባቱና በቢሾፍቱ ላሉት ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉ የቀለለ፣ ገንዘብም በጀትም የማይጠይቅ ሥራ አላቸው። አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ ይህን ላክልኝ» ሲል፣ ስልኩን ከእጁ አይቀበሉት። ከጎኑ ይቀመጡ፤ እርሱ ይያዝ፣ እርሱ ይጫን፣ እርሱ ያንብብ፤ የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ፊታቸውን ያዙሩ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በሁለተኛው አምስት፤ በሦስተኛው አይጠራቸውም። በችኮላ የተሰጠ እርዳታ ጎልማሳውን ዘወትር ለማኝ ያደርገዋል፤ በትዕግሥት የተሰጠ ትምህርት ግን ባለ ሙያ ያደርገዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንደሚባለው ሁሉ፣ የሰው እጅም ለዘለቄታው አያበላም።